የአሥራ ሁለቱ ሻርፖች ሣጥን

ሰፈሩ ሁሉ «እመት ሙጫ» እያለ ነው የሚጠራት። ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀጥራ መጽሐፍ ስትጠርዝ ኖራለች፤ ማተሚያ ቤቱ ተዘግቶ ቤቷ ከገባች በኋላም ከጣቶቿ ጫፍ ላይ የደረቀ ሙጫ ጠፍቶ አያውቅም። «እመት ሙጫ አንዴ ከጨበጠችህ እስከ ነገ አትላቀቃትም» ብለው ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ባል አላገባችም። ለምን ሲሏት፣ «ማን ደፍሮ ይጠጋኛል፣ ተጣብቆ ሊቀር!» ትላለች። የምትኖረው ሚስቱ ከሞተችበት ታላቅ ወንድሟ ጋር፣ ወላጆቻቸው በተዉላቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው።

ወንድሟ ሸማኔ ነው። ሰፊ መስኮት ያለው የፊት ክፍል የሱ ነው፤ የእንጨት መሸመኛው ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶት፣ አልጋው ጥግ ላይ ተገፍቷል። እሷ ቀን እንኳ አምፖል ካልበራ መርፌ የማያሳየውን የኋላውን ክፍል ይዛለች። እሱ ቀጭን ጥጥና ሐር እየቀላቀለ የአንገት ሻርፕ ይሠራል። ዝምተኛ ነው፤ በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ ሁለቱ ክሩን የሚሰድብባቸው ናቸው።

በዚያ ዓመት ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ያወቀችው በጆሮዋ ነው። በግድግዳው በኩል ሲሰማት የኖረው የመሸመኛው ምት፣ እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ ስንት ዓመት የዘለቀው፣ መሐል መሐል ላይ እየተሰናከለ ይቆማል። ድር ተበጠሰ ማለት ነው። ይቀጥላል፤ ደግሞ ይቆማል። ድሮ በሁለት ወር የሚያወርዳቸውን አሥራ ሁለት ሻርፖች ለመጨረስ ስምንት ወር ፈጀበት። የመጨረሻውን ቆርጦ ሲያወርድ፣ «እንግዲህ ይኸው ነው» አለ። ሌላ ድር ለመዘርጋት አልተነሣም። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት፤ ያልገባት መስላ ሻርፖቹን አጣጥፋ በዘንቢል ያዘችና ወደ ሱቅ ወጣች።

ዋናው መንገድ ዳር የእጅ ሥራ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ አለች፤ ምላሷ ፈጣን፣ ልቧ ግን ክፉ ያልሆነ ሴት። አንዱን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መስታወቱ ዞረች።

«የኔ ቆንጆ፣ የጋሽዬ እጅ ላይ አፍ የሚያወጣ የለም» አለች። «ሲለብሱት ነፍስ ነው። ታጥፎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን የአቧራ መወልወያ ይመስላል። ሰው የሚገዛው በዓይኑ ነው። ያቺን ሳሙና የምታመጣልኝን ልጅ አየሻት? ሳሙናዋ እንደሆነ የማንም ሳሙና ነው። በሸካራ ወረቀት ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ፣ አንዲት የደረቀች አበባ ስትሰካበት ግን ይሻሙበታል።»

እመት ሙጫ ሻርፖቹን መልሳ ሰበሰበቻቸው። «አንድ ወር ስጪኝ» አለች። «ቤት እሠራላቸዋለሁ።»

ወንድሟ ይህን ሲሰማ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ። «ልብስ በሣጥን? ሊቀብሩት ነው እንዴ?»

«ስጦታ ነው ጋሼ። ስጦታ ይታሸጋል።»

«የምትጠርዢው መጽሐፍ ቢጠፋ በኔ ክር መጣሽ በይኛ» አለ። ግን ደስ ብሎታል፤ ከመሸመኛው ሥር ተንበርክኮ የተራረፈ ክሩን መለቃቀም ጀመረ። «ማሰሪያውን እኔ ነኝ የምሠራው። የሱቅ ሪባን ገዝተሽ በኔ ሥራ ላይ ካሰርሽማ ከዛሬ ጀምሮ አብረን አንበላም።»

ወንድምና እህት አንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዘመን ሲኖሩ፣ አንድን ሥራ ለሁለት ሲሠሩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። እሱ ጉልበቱ ላይ በሚያስቀምጣት ትንሽ መሸመኛ ጠባብ ጥብጣብ እያወረደ፣ የሚንቀጠቀጥ እጁን በደህናው እየደገፈ ይሠራል። እሷ ወፍራሙን ካርቶን በማስመሪያ ትቆርጣለች፤ እጥፋቱን በተወለወለች የቀንድ ማጠፊያዋ ትጫነዋለች፤ ላዩን ስስ ነጭ ወረቀት ታለብሰዋለች። የየሣጥኑ ክዳን ጠርዝ ላይ ውስጥ ካለው ሻርፕ ቀለም ጋር የሚስማማ አንዲት ቀጭን መስመር ታስገባለች። ከዚያ በላይ ጌጥ የለውም። የሣጥኑ ብልሃት ልኩ ላይ ነበር። ክዳኑን ከላይ ጣል ሲያደርጉት ዝም ብሎ አይወድቅም፤ ውስጡ ያለው አየር እየወጣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወርዶ ይገጥማል። ወንድሟ የመጀመሪያውን ሣጥን አራት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው።

«ይተነፍሳል» አለ።

ሙጫውን ከስንዴ ዱቄት ራሷ ነበር የምታፈላው። የጥንቱ የጥረዛ ክፍል አለቃዋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መራራውን ነጭ ዱቄት ሳይጨምር በሙጫ ውስጥ ብሩሽ የሚነክር ሰው ካየ ያብድ ነበር። «ያለ መራራው የተሠራ ሙጫ ለብል የተደገሰ ድግስ ነው!» እያለ። እመት ሙጫ ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች፤ የመራራው ዱቄት ብልቃጥም ከጠረጴዛዋ ራስጌ አይጠፋም። ለመጀመሪያው ሣጥን ጨምራበት ነበር። ሲደርቅ ግን በስሱ ወረቀት ማዕዘን ማዕዘን ላይ ሻይ የነካው የመሰለ ቢጫ ጥላ ወጣበት። ወንድሟ አላየውም፤ የኋላው ክፍል ጨለማ ነው። እሷ ግን አየችው፤ አልዋጥ አላት። ሦስት ጊዜ ወደ መስኮት ወስዳ አገላበጠችው። ነጭ እንዲሆን ነው የፈለገችው፤ እንከን የሌለው ነጭ። «መጽሐፍ መቶ ዓመት ይኖራል» አለች ለራሷ። «ሣጥን የገዢው ቤት እስኪደርስ ነው።» ያን ሣጥን ቀድዳ ጣለችው፤ ብልቃጡንም ከድና አስቀመጠችው።

አሥራ ሁለቱም አለቁ። ስንት ሺህ መጽሐፍ እንደጠረዘች አታውቅም፤ አንዱም ላይ ስሟ የለም። እነዚህ ግን የሷ ነበሩ። በጥብጣቡ አሰረቻቸው፤ ቋጠሮው ላይ የሰም ጠብታ አሳረፈች። ባለሱቋ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እነዚህንማ ለነካኪ አልሰጥም!» ብላ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ በሁለት ረድፍ ሰደረቻቸው፤ «ማሰሪያውን የሚፈታው ባለቤቱ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ ከፊታቸው አቆመች። አንድ ሻርፕ እንኳ ለማሳያ አላስቀረችም። «ሰው ያልተገለጠ ነገር ነው የሚያጓጓው» አለች።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ጠዋት ጫማውን ሲያስር፣ ወንድሟ ማሰሪያውን እንደያዘ ቀረ። ጎረቤት ተጠርቶ፣ በሰው ትከሻ ሐኪም ቤት ደረሰ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኑ ግን አልታዘዘው አለ። አንደበቱ እንኳ እየተጎተተ የተመለሰው ከወር በኋላ ነው። ሲመለስ ታዲያ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ሻርፖቹ ነበር።

«ማሰሪያው ተፈታ?»

«ገና ነው ጋሼ። ውድ ዕቃ ቶሎ አይሄድም።»

በየቀኑ ይጠይቃታል። ማን አንገት ላይ እንደሚውሉ ማወቅ ነበር የሚፈልገው፤ ሌላ ነገር አልነበረውም። እሷም መድኃኒት ልትገዛ በወጣች ቁጥር ሱቁ መስታወት ላይ ትለጠፋለች። ክረምቱ ገብቷል፤ የሱቁ የኋላ ግድግዳ ያልበዋል። ሣጥኖቹ ግን ከመደርደሪያው ላይ እንደ ወተት ነጭተው ይታያሉ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል፤ ፎቶ የሚያነሳቸውም አለ። ዋጋቸውን ሲሰሙ ግን «ሌላ ጊዜ» እያሉ ይወጣሉ። ባለሱቋም ሙጭጭ ብላለች፤ ዋጋ አልቀንስም፣ የሚገባው ይመጣል ትላለች።

በአምስተኛው ወር የሚገባው መጣ። ጡረታ ለምትወጣ መምህርት ባልደረቦቿ ስጦታ ፍለጋ መጥተው፣ ከላይኛው ረድፍ አንዱን መርጠው ወሰዱ። እመት ሙጫ ወሬውን ስትሰማ እግሯ መሬት ሳይነካ ነው ቤቷ የደረሰችው።

«ጋሼ! ተፈታ! መምህርት ናት፣ አርባ ዓመት ያስተማረች!»

ወንድሟ በሚታዘዝለት የአፉ ጎን ፈገግ አለ። «የትኛው?»

«ሰማያዊው።»

«እሱ ጥሩ ነው» አለ። «እሱ ላይ ድሩ ብዙ አልተበጠሰብኝም።» ያን ቀን ሾርባውን ጥርግ አድርጎ ጠጣ።

በሦስተኛው ቀን ባለሱቋ አስጠራቻት። ስትገባ የሱቁ በር ላይ «ዝግ ነው» የሚለው ተገልብጦ ተሰቅሏል። ከባንኮኒው ወዲህ አንዲት ሽበታም ወይዘሮ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሣጥኑ ጭኗ ላይ ነው። መምህርቷ ናት። ቁጣ የለባትም። ቢኖርባት ይሻል ነበር።

«እኔ እንኳ ባልመጣ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ግን ሌሎቹም እንዲህ ከሆኑ ማወቅ አለባችሁ ብዬ ነው።» ክዳኑን አነሣች። ሰማያዊው ሻርፕ እንደታጠፈ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነ። ስትዘረጋው ግን ብርሃን በያቅጣጫው ወጣበት። ብል አንዱን እጥፋት በስቶ፣ ቀጥሎ ያለውን በስቶ፣ እስከ ታች ድረስ ወርዷል፤ አንድ ቀዳዳ ስምንት ጊዜ እየተደገመ፣ ልጆች ወረቀት አጥፈው በመቀስ እንደሚሠሩት ጌጥ። «በሰው ፊት ነበር የፈታሁት። ሁሉም አጨብጭበው ቆመው ሳሉ። አንዱ ወጣት መምህር፣ ‹ላዩ አልጋ ውስጡ ቀጋ› ብሎ ሲስቅ ሌሎቹ ተቆጡት።»

ባለሱቋ መሰላል ላይ ወጥታ የቀሩትን አሥራ አንድ አወረደች፤ ሰሙን እየሰበሩ፣ ማሰሪያውን እየፈቱ፣ አንድ በአንድ ከፈቱ። ክዳን ሲነሣ ትናንሽ ግራጫ ነፍሳት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይራወጣሉ። የካርቶኑ ስፌት ውስጥ፣ ሙጫው በወፈረበት፣ ወረቀቱ ከሥሩ ተበልቶ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ከዚያ ወደ ጨርቁ አልፈዋል። ዱቄት የመሰለ ብናኝ፣ አጭር አጭር ክር። አንዱም አልተረፈም። ሰባተኛው ሲከፈት ባለሱቋ፣ «በቃ፣ ይቅር» አለች። እመት ሙጫ ግን እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ አላቆመችም። ከውጭ ሣጥኖቹ ያው እንደ ወተት ነጭ ነበሩ።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች።

«ብል የማንም ጥፋት አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። ግድግዳዬም እኮ...»

«የኔ ነው።»

መምህርቷ ልትሄድ ተነሥታ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ አድርጉልኝና...» አለች። «ሣጥኑን ግን ልውሰደው? በጣም ያምራል።»

እመት ሙጫ ጠርጋና አራግፋ ሰጠቻት።

ያን መንገድ እንዴት እንደተመለሰች አታውቀውም። ልትዋሸው አስባ ነበር፤ ሁሉም ተሸጡ ብላ፣ ለእያንዳንዱ አንገት ፈልጋ። ወንድሟ ግን ገና ስትገባ ፊቷን አይቶ፣ «ምን ሆኑ?» አለ። አንደበት ለጎደለው ሰው መዋሸት ከባድ ነው፤ ዓይኑን ከሰው ላይ አያነሣም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችው። ስለ ብሉ፣ ስለ ቢጫው ጥላ፣ ስለ መራራው ዱቄት።

«እንዲያምር ብዬ ነው ጋሼ» አለች መጨረሻ ላይ። «እንዲያምር ብዬ ነው የተውኩት።»

ዓይኑን ጨፈነ። ለአምስት ቀን አላናገራት። ስታጎርሰው አፉን ይከፍታል፤ ስታገላብጠው ይገላበጣል፤ ስትጠራው አይሰማም። ብትሰደብ፣ ብትረገም ምናለ እያለች ከኋላው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ «አንዱን አምጪው» አለ።

ጉዳቱ አነስ ያለውን፣ ዳር ዳሩ የተበላውን ቀዩን አመጣችለት። ደረቱ ላይ ዘርግታ ግራ እጁን ላዩ ላይ አስቀመጠችለት። ጣቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጓዙ። ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ዙሪያውን ይዳስሳሉ፤ ያልፋሉ። ረዥም ጊዜ ነው የፈጀበት።

«በክር ይደፈናል ብዬ ሞክሬ ነበር» አለች። «ስስበው ሌላው ይበጠሳል።»

«ተይው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስሚ። እጄ... እጄ ሲከዳኝ፣ ድሩ አልበረክት ሲለኝ... የዱቄት ሙቅ ቀባሁት። ክሩ እንዲጠነክር። ድሮ ትንሽ ነበር የምቀባው። ያን ጊዜ ግን አብዝቼ፣ ሳላጥበው። ብሉ... የመጣው በሙጫሽ ላይሆን ይችላል።»

አፏን ከፍታ አየችው። እውነቱን ይሁን፣ ሊያቀልላት ብሎ የፈጠረው ይሁን፣ ከፊቱ ላይ ማንበብ አልቻለችም፤ ግማሹ ፊት ምንም አይናገርም። ልትጠይቀው ፈለገች። ብትጠይቀውና «ውሸቴን ነው» ቢላት ምን ልትሆን ነው? «እውነቴን ነው» ቢላትስ? ሰውየው በዕድሜው መጨረሻ የሠራውን ሥራ በገዛ እጁ አበላሸ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመርጥ አላወቀችም። ኋላ ላይ ወጥ ቤት ገብታ የዱቄቱን ማሰሮ ከፈተች። ባዶ ነው። እሱም ከዚያው ነበር የሚዘግነው፣ እሷም ከዚያው። ከደነችው። ነገሩን ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱትም።

ወር ሳይሞላ ባለሱቋ ራሷ ቤት ድረስ መጣች፤ ብርቱካን በላስቲክ አንጠልጥላ። በሽተኛውን ከጠየቀች በኋላ እመት ሙጫን ወደ ኋላው ክፍል ይዛት ገባች።

«አትቆጪኝ» አለች። «ሰው ሣጥኑን ነው የሚጠይቀኝ። ባዶውን! መምህርቷ ቤት ያዩት ሰዎች እየመጡ ነው። እኔ ደግሞ ከጅምላ ሻጭ የፋብሪካ ሻርፕ አገኛለሁ፤ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙም አይከፋም። አንቺ ሣጥኑን ብትሠሪ...»

እመት ሙጫ ለሁለት ቀን «አይሆንም» አለች። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ የሚወስደው መድኃኒት አለቀ። ቁጭ ብላ አንድ ሣጥን ሠራች፤ መራራውን ዱቄት አንድ ሙሉ ማንኪያ ጨምራ። ሲደርቅ ማዕዘን ማዕዘኑ ቢጫ ሆነ። ሱቅ ወስዳ፣ ሳትደብቀው፣ እንዲያውም ብርሃን ላይ አዙራ ለባለሱቋ አሳየቻት፤ እንቢ እንድትላት ፈልጋም ሊሆን ይችላል።

ባለሱቋ ሣጥኑን አገላበጠችው። «እንዴ፣ ይሄ ቢጫው ደግሞ እንዴት ያምራል! የጥንት ዕቃ አስመሰለው እኮ። በፊት ለምን እንዲህ አላደረግሽውም?»

እመት ሙጫ ወደ ውጭ ወጥታ መንገድ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ጥቂት ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ትእዛዙ ሲበዛ የኋላው ክፍል አልበቃ አለ፤ የሚደርቁት ሣጥኖች አልጋዋ ላይ ወጡ። ዓይኗም በአምፖል ብርሃን መቁረጥ አልችል ብሏል። እሷ ግን የፊቱን ክፍል አፍ አውጥታ አልጠየቀችም። ነገሩን ያነሣው ወንድሟ ነው። «አናጢውን ጥሪው» አለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ። «ይኼ እንጨት ብርሃኑን ዘግቶብሻል።»

«ይቆይ ጋሼ። ትድንና...»

«ጥሪው።»

አናጢው የጎረቤት ሰው ነው፤ መዶሻና መፈልቀቂያ ይዞ መጥቶ መሸመኛውን ሲያይ ራሱን አከከ። አንድም ምስማር የለውም፤ ሁሉም በእንጨት ሽብልቅ የተያያዘ ነው። አንዱን ሊመታ መዶሻውን ሲያነሣ ወንድሟ ከአልጋው ላይ ድምፅ አወጣ።

«እሱን አይደለም። ከበላዩ ያለውን አስቀድም። አለዚያ ይሰነጠቃል።»

አናጢው እሺ ብሎ የበላዩን መታ። ሽብልቁ ወጣ። «ቀጥሎስ አባባ?»

«በግራ በኩል፣ ከታች።»

እንዲህ እያለ፣ ቃል በቃል እየነገረው፣ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሰውየው በደህና ዘመኑ እንኳ ያን ያህል ሲናገር እመት ሙጫ ሰምታው አታውቅም። በሩ ጋ ቆማ፣ የሚነቀለውን እንጨት እየተቀበለች ደጅ ትደረድራለች። የመጨረሻው ምሰሶ ሲወጣ ክፍሉ ባንዴ ሰፋ። ከሰፊው መስኮት የሚገባው ብርሃን እስከ አልጋው ደረሰ፤ አቧራው ውስጡ ይዋኝ ጀመር። አናጢው እንጨቱን ለደረጃ ሥራ እንደሚፈልገው ተናግሮ በጋሪ ጭኖት ሄደ።

ጠረጴዛዋን ከኋላ አውጥታ መስኮቱ ሥር አደረገችው። ካርቶኑን፣ ማስመሪያውን፣ የቀንድ ማጠፊያዋን ደረደረች። ከፋብሪካ የመጡት ሻርፖች በላስቲክ ከረጢታቸው እንዳሉ ወለሉ ላይ ተከምረዋል። አንዱ አፈትልኮ አልጋው አጠገብ ወድቆ ነበር፤ ወንድሟ በግራ እጁ አንሥቶ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። መልሶ አስቀመጠው።

«ብርሃኑ ዓይንህን ወጋህ ጋሼ? መጋረጃ ልሥራ?»

«ላንቺ ያስፈልግሻል» አለ። «አልጋዬን ወደዚያ አዙሪልኝ፤ ወደ ግድግዳው።»

የአልጋውን እግር ይዛ፣ ወለሉ እንዳይጮኽ በቀስታ እየገፋች አዞረችለት። ከዚያ ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ካርቶን ቆረጠች።